ማሽኗን አልቀባትም

ሙያዬን ስናገር ሰው መጀመሪያ ይስቃል። ቀጥሎ "ምን? ቫኪዩም?" ይላል። አዎ፣ ቫኪዩም። ምንጣፍና የመኪና ወንበር የሚጠርገው፣ አቧራ የሚስበው ማሽን። ነቀምቴ ውስጥ፣ ጨለለቂ፣ ከአንድ የባጃጅ ጋራዥ ጀርባ የቆርቆሮ ክፍል አለችኝ። ሆቴሎችና ቢሮዎች "አለቀለት" ብለው ያወጡትን ቫኪዩም እዚያ ሰብስቤ እፈታለሁ። የአንዱን ሞተር፣ የሌላውን ቱቦ፣ የሦስተኛውን ክዳን አገናኝቼ አንድ የሚሠራ አወጣለሁ። የሚገዙኝ መኪና አጣቢዎች፣ ትንንሽ ሆቴሎችና አንዳንዴም መስጊዶች ናቸው።

ሙያውን ማንም አላስተማረኝም። አባቴ በድርቁ ዘመን ከወሎ በሰፈራ መጥቶ አርጆ አካባቢ በቆሎ ሲዘራ የኖረ ገበሬ ነበር። ከእሱ የወረስኩት ዝምታውን ብቻ ነው። ማሽን መፍታት የጀመርኩት አንድ ሆቴል ውስጥ ጽዳት ሠራተኛ ሆኜ ነው። ቫኪዩሙ ቆመና ጣለው አሉኝ። ከመጣሌ በፊት ውስጡን ላየው ፈለግሁ። ሞተሩ ውስጥ ካርቦን የሚሏት ጥቁር ቁራጭ አለች፤ እየተፋተገች ኤሌክትሪኩን የምታሳልፈው እሷ ናት። ተበልታ ልታልቅ ምንም አልቀራትም ነበር። ከተጣለ ድሪል የወጣ ካርቦን በሞረድ እያሳነስኩ፣ እየለካሁ፣ እንደገና እያሳነስኩ ገጠምኩላት። ተነሣች። ከዚያን ቀን ወዲህ ሌላ ሥራ አላማረኝም።

አንድ ደንብ አለኝ። ቀለም አልቀባም። የማሽኗ ሰውነት ቀይ፣ ክዳኗ ግራጫ፣ እጀታዋ አረንጓዴ ከሆነ እንደዚያው ሆና ትወጣለች። የጋራዡ ባለቤት ዲንቃ በራፌ ላይ ተደርድረው ሲያያቸው "የአንተ ዕቃ ከሩቅ የሰርከስ ቡድን ይመስላል" ይለኛል። ይበል። ገዢው የትኛው ክፍል ከሌላ እንደመጣ በዓይኑ እንዲያይ እፈልጋለሁ። የተሰነጠቀ ከጠገንኩ ጥገናው ይታያል።

ይህ ደንብ ሚስት ሊያሳጣኝ ነበር። የምነግራችሁም የዚያን ሰሞን ነገር ነው።

ለሊሴን ያገኘኋት በፈንዲሻ ምክንያት ነው። አባቷ ኦቦ ገመቹ የሰርግ አዳራሽ አላቸው፤ አዳራሹን የምትመራው እሷ ናት። አንድ ሰኞ የቫኪዩም ቱቦ አንገቷ ላይ እንደ ነጠላ ጥላ መጣች።

"ይሄ ነገር አልስብ አለ" አለችኝ።

ቱቦውን በረጅም ሽቦ ስገፋው ፈንዲሻ ወጣ። ከዚያ ብልጭልጭ ወረቀት፣ ከዚያ የደረቀ ቄጠማ፣ በመጨረሻ አንድ የጆሮ ጌጥ።

"ውይ! ሚዜዋ ቤቷን ሁሉ ገልብጣ የፈለገችው!" ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

ከዚያ በኋላ ያልተበላሸ ነገር ይዛ መምጣት ጀመረች። "ይሄ እኮ ደህና ነው" ስላት "እስቲ ደግመህ እየው" ትለኛለች። እኔ ደግሞ የምር ደግሜ አያለሁ። ነገሩ የገባኝ በጣም ዘግይቶ ነው።

አንድ ቀን መደርደሪያዬ ላይ ያለችውን ቀይ ማሽን ስታይ ጮኸች። "ይቺ የኛ ናት! ይኸው ጠባሳዋ!" የማሽኗ ትከሻ ላይ የቀለጠ ቦታ አለ። ለካ በአክስቷ ልጅ ሰርግ ላይ የበራ ሻማ ወድቆባት ነው። አባቷ "ሞታለች፣ አውጧት" ካሉ ቆይቷል። እኔ ያገኘኋት ከኢብራሂም ነው። ኢብራሂም ጆንያ ተሸክሞ ከሰፈር ሰፈር እየዞረ "ልዋጭ!" የሚል፣ አሮጌ ዕቃ በፕላስቲክ ሳፋና በብርጭቆ የሚለውጥ፣ ጢሙ የሸበተ የወሎ ሰው ነው። ለእኔ የሚሆን ብረት ሲያገኝ ሌላ ቦታ አይወስደውም። ቀይዋ ስትመጣ ክዳንም እጀታም አልነበራትም። ሞተሯ ግን ጤነኛ ነበር፤ ያለቀው ካርቦኗ ብቻ ነው። ግራጫ ክዳን፣ አረንጓዴ እጀታ፣ ከተጣለ ካውያ የወጣ ገመድ ሰጠኋት።

"አባቴ ቢያያት!" አለች ለሊሴ። ያን ጊዜ ቀልድ ነበር።

ሽማግሌ የላክሁት በዚያው ዓመት ነው። አባቴ ስላረፈ ዋናው ሽማግሌ ጋሽ አበራ ሆኑ። ከአባቴ ጋር በአንድ መኪና ከወሎ የመጡ፣ በሰፈራ መንደሩ የተከበሩ ሰው ናቸው። ዲንቃና የሰፈራችን የዕድር ዳኛ አብረዋቸው ሄዱ። በደንቡ መሠረት እኔ አልሄድኩም። ልጁ እዚያ ቤት ድርሽ አይልም። እሁድ ዕለት ክፍሌ ውስጥ ቁጭ ብዬ አንዲት ኩሽኔታ በጋዝ ሳጥብ፣ ደግሜ ሳጥብ፣ ከሰዓት ሲሆን መጡ።

"ልጄ፣ እልል በል!" አሉ ጋሽ አበራ ገና ከበሩ።

"ፈቀዱ?"

"ሊፈቅዱ ነው። ልጁ ምን ይሠራል አሉ። ማሽን ከውጭ ያስመጣል፣ አስመጪ ነው አልኳቸው።"

ኩሽኔታዋን አስቀመጥኳት።

"ጋሽ አበራ፣ እኔ ከውጭ አስመጥቼ አላውቅም። ከአጥር ውጭ ካልሆነ።"

"ታዲያ ምን ልበል? ውዳቂ ይለቅማል ልበል? ቆመን እኮ ነው የምንናገረው! የሰው ሳሎን ውስጥ፣ ቁጭ በሉ ሳይሉን፣ እኔ በዚህ ጉልበቴ!"

ሽምግልና የሄደ አንባቢ ያውቀዋል። ሽማግሌ ልጁን ትንሽ ያሳምረዋል። ተላላኪው ጸሐፊ ይሆናል፤ አንድ በሬ ያለው ባለ ከብት ይባላል። የልጅቷም ወገን ይህን ያውቃል፤ ሰምቶ በልቡ ይቀንሳል። የጋሽ አበራ ስህተት መዋሸታቸው አይደለም። ስህተታቸው ሊፈተሽ የሚችል ነገር መዋሸታቸው ነው።

"ሰውየው ደስ ብሏቸው ምን አሉ መሰለህ?" አለ ዲንቃ። "'የአዳራሼ ማሽን አርጅታለች። እንግዲያው ልጁ ከሚያስመጣው አንዲት አዲስ ይላክልኝ። በመጪው እሁድ ለመልስ ስትመጡ አያታለሁ' አሉ።"

"አበቃ!" አሉ ጋሽ አበራ። "ይሄን ሁሉ ማሽን ሞልተህ! አንዷን ቀባና ካርቶን ውስጥ ክተታት።"

"ለባጃጅ የገዛሁት ቀይ ቀለም አለ" አለ ዲንቃ። "እኔ እነፋልሃለሁ። ዛሬ ከፋብሪካ የወጣች ነው የምትመስለው።"

"አልቀባም" አልኩ።

ሦስቱም ሳቁ። የምቀልድ መስሏቸው ነው።

ለሊሴ ጋ ደወልኩ። እሷም ሰምታ ኖሯል።

"ሙሌ፣ አባቴን አታውቀውም። አንዴ እምቢ ካለ እምቢ ነው። ለዚች አንድ ጊዜ ብቻ ቀባት። ቀስ ብለን እንነግረዋለን።"

"መቼ?"

"ስንወልድ!" አለችና ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅሁም። ቆይታ "እኔን ይበልጥብሃል ደንብህ?" አለችኝ።

ያን ሳምንት ሥራ አልሠራሁም ማለት ይቻላል። ቀይዋን ማሽን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ሳያት እውላለሁ። ቀለም መቀባት ከባድ አይደለም። በሸካራ ወረቀት አሸት አሸት አድርገህ፣ አፏን በፕላስተር ሸፍነህ ትነፋዋለህ፤ አለቀ። የከበደኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ከተጋባን በኋላ ያቺ ማሽን በሳለች ቁጥር፣ አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው በጥፍሩ በጫራት ቁጥር ልቤ ይዘላል። አማቴ ቤት ምሳ በበላሁ ቁጥር የማስመጣውን ዕቃ ሲጠይቁኝ አዲስ ውሸት እፈልጋለሁ። የሚድሯት ለእኔ አይሆንም፤ ለዚያ ለአስመጪው ነው። እኔ ደግሞ ያንን ሰውዬ አላውቀውም።

ዓርብ ዕለት ዲንቃ የቀለም መንፊያውን ይዞ መጣ። ጋሽ አበራም ከኋላው ነበሩ።

"በል ወደ ውጭ አውጣት" አለ ዲንቃ።

"አልቀባትም።"

"አንተ ልጅ!" አሉ ጋሽ አበራ። "ሽበቴን ልታዋርደው ነው? ከሰው ቤት ገብቼ ዋሸ ልባል?"

"ዋሽተዋል እኮ።"

ዲንቃ ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ሽማግሌው ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። "ለአንተ ነው የዋሸሁት" አሉኝ። ይህን ሲሉ እውነታቸውን ነው፤ ለዚህም ነው የከበደኝ።

"አውቃለሁ፣ ጋሽ አበራ። ግን ለእኔ ብለው ከሚዋሹ ስለ እኔ እውነቱን ቢናገሩ ይሻለኝ ነበር። እሑድ ማሽኗን ራሴ አመጣታለሁ።"

"ራስህ? ልጁ ራሱ? በሽማግሌ መሀል? የት አገር ታይቶ ያውቃል!"

"እኔ ጋ ይታያል።"

"ማሽኗ በካርቶን ትምጣ" አሉ ከዘራቸውን እያነሡ። "አንተ ግን እንዳትመጣ። ከመጣህ በቁሜ እንደገደልከኝ ቁጠረው።"

እሑድ ከሰዓት በኋላ ባጃጅ አስቆምኩ። ሞታለች ያሏት ሠርታ እንዲያዩ የመረጥኳትን ቀይዋን ማሽን ሳልሸፍናት ጭኔ ላይ አቀፍኳት። ሹፌሩ በመስታወቱ ያየን ጀመር።

"ሙሽራዋ እሷ ናት?"

"የሙሽራዋ አማላጅ ናት።"

"ኸረ ተው! እንዲህ ተጠጋግታችሁ?"

"አፍ አላት። ሲሰኳት ትናገራለች።"

እስክንደርስ ድረስ ሳቀ። እኔ እጀታዋን አጥብቄ ይዤ ነበር። በሩ ጋ ስወርድ "አቦ፣ ይቅናህ" አለኝ። በዚያ ቀን እስከዚያ ድረስ የሰማሁት ብቸኛ መልካም ቃል እሱ ነበር።

የኦቦ ገመቹ ሳሎን ሰፊ ነው። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል፤ በዚህኛው ቀን ቁጭ በሉ ተብለዋል ማለት ነው። ኦቦ ገመቹ ጋቢ ለብሰው ትልቁ ወንበር ላይ ናቸው። ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ ከጎናቸው። ለሊሴ ወደ ጓዳ በሚያስገባው በር ጀርባ፤ አልታየችኝም፤ ነጠላዋን ብቻ አየሁ።

"አካም ጅርቱ?" ብዬ ሰላምታ ሰጠሁ።

"ነጋ" አሉ ኦቦ ገመቹ። "ኮቱ፣ ግባ። ዕቃውን ያመጣኸው ልጅ ነህ? እዚያ አስቀምጣትና..." ብለው ማሽኗን አዩ። "ይቺ ምንድን ናት?"

"እኔ ነኝ ሽማግሌ የላክሁት" አልኩ።

ጋሽ አበራ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

እኔ ግን ቀጠልኩ። "አስመጪ አይደለሁም። የተጣሉ ቫኪዩሞች ሰብስቤ፣ ከሞቱት ክፍል አውጥቼ፣ የሚሠራ አደርጋለሁ። ቦታዬ ጨለለቂ፣ የዲንቃ ጋራዥ ጀርባ ነው። አዲስ አዘዙኝ፤ አዲስ የለኝም። ያለኝ ይቺ ናት። ልጅዎን የምጠይቀውም በዚችው ነው።"

ኦቦ ገመቹ ግን ከንግግሬ አንዱንም የሰሙ አይመስልም። ከወንበራቸው ተነሥተው፣ አጎንብሰው፣ የማሽኗን ትከሻ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ።

"የሻማው..." አሉ። ቀና አሉ። "ይቺ የኔ ናት!"

"የርስዎ ነበረች።"

"ከዕቃ ቤቴ ነው የወጣችው! የኔን ማሽን ሰርቀህ፣ ክዳን ለውጠህ፣ ለኔው ልትሸጥ? በዚያ ላይ ልጄን?" ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። "አስመጪ ያላችሁኝ ይሄ ነው? ሶባ! ቤቴ ገብታችሁ ውሸት! ሽማግሌ የዋሸበት ነገር እኮ አለቀ ማለት ነው። ተነሡ!"

"አልሰረቅሁም" አልኩ። "ከልዋጩ ነው ያገኘኋት። ኢብራሂም ከሚባል ሰው።"

"ልዋጩስ ከየት አመጣት? በአጥር ዘለለ?"

"እሱን አላውቅም። ከዚህ ቤት ሰው ሰጥቶት ይሆናል።"

"ከዚህ ቤት! ማን? እኔ? ፖሊስ ፊት ትናገረዋለህ!"

ለልጅቷ መጥቼ በሌብነት ልያዝ ነው። ዲንቃ በዓይኑ "ውጣ፣ ውጣ" ይለኛል። አልወጣሁም። ከወጣሁ ሌባ ሆኜ ነው የምወጣው።

"ፖሊስ ይምጣ" አልኩ። "ማሽኗን ይዤ እጠብቃለሁ።"

ይኼን ጊዜ አዴ ጫልቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"አባ ለሊሴ" አሉ ቀስ ብለው።

"ምን?"

"ያ ሰማያዊ ሳፋ..."

"የምን ሳፋ? እኔ ስለ ማሽን ነው የማወራው!"

"ልብስ የምናጥብበት ትልቁ ሳፋ። በምን የመጣ ይመስልሃል? አውጧት አልክ፤ ልዋጩ በበር ሲያልፍ አወጣኋታ! ጥሩ ሳፋ ነው። ይኸው እስከዛሬ።"

ከበሩ ጀርባ ለሊሴ አፏን አፍና ስትስቅ ሰማኋት። የዕድሩ ዳኛ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ኦቦ ገመቹ አፋቸውን ከፍተው ሚስታቸውን አዩ፣ ማሽኗን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ።

"በሳፋ?" አሉ።

"በትልቁ ሳፋ" አሉ አዴ ጫልቱ።

ሰውየው ተመልሰው ተቀመጡ። ቁጣቸው ግን አልወረደም፤ መንገድ ብቻ ለወጠ። "ይሁን። ሌባ አይደለህም። ግን ይቺ የሞተች ነገር ናት፤ እኔ ራሴ ነኝ የጣልኳት። እስቲ ሰካት። እዚሁ ምንጣፌ ላይ ትሳብ።"

ግድግዳው ሥር ያለውን ሶኬት አገኘሁ። ስፒናውን ሰካሁ። ማብሪያውን ተጫንኩ።

ምንም።

እንደገና ተጫንኩ። ምንም። ጠዋት ደጋግሜ ሞክሬያታለሁ፤ ካርቦኑን፣ ገመዱን፣ ፊውዙን አይቻለሁ። ጋሽ አበራ በሹክሹክታ "ይኸው" አሉ፤ አዝነው ይሁን ረክተው አላወቅሁም።

ከጓዳ የለሊሴ ድምፅ መጣ። "መብራት ሄዷል እኮ! ፍሪጁም ቆሟል!"

ከእግዜር ነው ልበል? መብራት መሄዱን የወደድኩት በዕድሜዬ ያን ቀን ብቻ ነው።

"እንጠብቃለን" አልኩና ያልተፈቀደልኝ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። ማብሪያውን ማጥፋት ረሳሁት።

ጠበቅን። እናንተም መብራት ጠብቃችሁ ታውቃላችሁ፤ እንደዚያ ሆኖ የተጠበቀ መብራት ግን ያለ አይመስለኝም። ሽማግሌዎቹ ተነሡ ተብለው ነበር፤ ግን ማሽኗን ሳያዩ መውጣት አልሆነላቸውም። ኦቦ ገመቹም ደግመው አላባረሯቸውም። አዴ ጫልቱ ቆሎ አመጡ። ከቆሎው ድምፅ በቀር የሚሰማ አልነበረም።

ብዙ ቆይተው ኦቦ ገመቹ "ኢልማ ኮ" አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ድምፃቸው ለስልሷል። "ልብ አለህ። አየሁት። ስማኝ፤ ከአዳራሹ ጎን ባዶ ሱቅ አለኝ። አዲስ ዕቃ እንሙላበት፤ ቫኪዩም በል፣ ፍሪጅ በል። አንተ ትቀመጥበታለህ። ሽማግሌዎቹ ያሉትም እውነት ይሆናል፤ ማንም አልዋሸም እንላለን። ይሄን ውዳቂ ብቻ ተወው። ልጄም ያንተ ናት።"

ጋሽ አበራ ፊታቸው ፈካ። ዲንቃ በክርኑ ነካኝ። ሁሉም ነገር እዚያ ተቀምጧል፤ እጄን መዘርጋት ብቻ ነው። ለሊሴ ከበሩ ወጥታ ቆማለች። ዓይኗን ማየት ፈራሁ።

"አመሰግናለሁ" አልኩ። "ግን አይሆንም።"

"ምን አልክ?"

"ሥራዬ ይሄ ነው። የተጣለ ማንሣት። ይሄን ጥዬ የምገባበት ቤት ውስጥ እኔም ቀለም የተቀባሁ ነኝ። ልጅዎን እወዳታለሁ። ግን የሚሰጧት ለዚህ ላለሁት ሰው ካልሆነ ባይሰጡኝ ይሻላል።"

"እብድ ነው!" አሉ ጋሽ አበራ ጮክ ብለው።

ኦቦ ገመቹ ወደ ልጃቸው ዞሩ። "ሰማሽ? አንቺን ከአሮጌ ብረት አሳነሰሽ።"

ለሊሴ ስትናገር ያየችው አባቷን አልነበረም፤ እኔን ነው። "እኔም ቀባት ብዬው ነበር" አለች። "እኔን ከደንቡ አሳነሰኝ ብዬ ሳምንቱን ሙሉ ስናደድ ሰነበትኩ። አሁን ግን... አባ፣ አንተ ሱቅ ስትሰጠው እሺ ቢል ኖሮ እኔ ነበርኩ እምቢ የምለው። ነገ ሌላ ሰው ሌላ ሱቅ ቢሰጠው ምን ሊሆን ነው?"

አባቷ ሊመልሱላት አፋቸውን ከፈቱ። መብራቱ የመጣው ያኔ ነው።

ማሽኗ እንደተሰካች፣ ማብሪያዋም እንደተጫነ ነበር። ሳሎኑ መሀል እንደ አውሬ ጮኸች። አዴ ጫልቱ ቆሎውን በተኑት። የዕድሩ ዳኛ በስመአብ አሉ። ቱቦው ደግሞ አፉን ወደ ትልቁ ወንበር አድርጎ ምንጣፉ ላይ ተጋድሞ ነበርና የኦቦ ገመቹን ጋቢ ጫፍ ጎረሰው።

"አሃ! ልቀቂ! ልቀቂ አንቺ!" ኦቦ ገመቹ ጋቢያቸውን ይስባሉ፤ ማሽኗ ትስባለች። በጎማዋ እየተንከባለለች ወደሳቸው መጣች እንጂ አልለቀቀችም። ዲንቃ መሬት ላይ ተቀምጦ ይስቅ ጀመር። ለሊሴ ግድግዳ ተደግፋ ታነባለች፤ በሳቅ።

"አጥፋት እንጂ!" አሉኝ።

ወደ ማብሪያው አልቸኮልኩም። "ሞታለች ያሉት ይቺን ነው?" አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። ጋቢያቸው ግማሹ ቱቦው ውስጥ ነው። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ የተናደዱ መስሎኝ ነበር። እየሳቁ ነው።

አጠፋኋት። ጋቢያቸውን አውጥቼ አራግፌ መለስኩላቸው። ጫፉን አሹት።

"ዛሬ መልስ የለኝም" አሉ በመጨረሻ። "ለተዋሸበት ነገር መልስ አይሰጥም። ደንቡ ነው፤ አንተ ብቻ አይደለህም ደንብ ያለህ። ሌላ ሽማግሌ ላክ። ዱጋ፣ እውነት የሚናገር። የሚያውቅህን ሰው ላክ።"

ማሽኗን ልወስድ ሳነሣ "እሷ ትቆይ" አሉ። "የኔ ናት። በሳፋ ስትለወጥ እኔን ማን ጠየቀኝ?"

ከዚያን ቀን በኋላ ጋሽ አበራ ከእኔ ጋር መነጋገር ተዉ። ሰርጌ ላይ መጥተው መርቀውኛል፤ ስለዚያ ቀን ግን እስካሁን አያነሡም። ላዋርዳቸው አልፈለግሁም ነበር፤ ግን ዳግም ያ ቀን ቢመጣ ያንኑ አደርጋለሁ። ይህን የምለው ኩራት ሆኖብኝ አይደለም። ያን ቀን አንድ ነገር ገብቶኛል። እኛ አገር ሰው የሚዋሸው ብዙ ጊዜ ከክፋት አይደለም፤ ለሚወደው ሰው አፍሮ ነው። እናንተም የምትወዱት ሰው ሥራችሁን ሲያሳምርላችሁ፣ ስማችሁ ላይ ቀለም ሲነፋላችሁ ትሰማላችሁ። ዝም ማለት ይቀላል። ግን የተቀባው ሲወደድ ስታዩ የተጠላው ማን እንደሆነ አስቡት። እኔ አሰብኩትና እምቢ አልኩ። አሁንም ክፍሌ እዚያው ጋራዡ ጀርባ ናት። አሁንም በራፌ ላይ የሰርከስ ቡድኑ ተደርድሯል። አስመጪ ሆኜ አላውቅም፤ አልሆንምም።

የሚያውቅህን ሰው ላክ ብለውኝ አልነበር? ብዙ አሰብኩ። ያቺ ማሽን ከየት ተነሥታ የት እንደደረሰች፣ እኔ ከምን ላይ ምን እንደማወጣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያውቅ አንድ ሰው ነው ያለው። ሰዎች "ለዚያ ቤት? እሱን?" አሉኝ። ላክሁት።

የሆነውን የነገረኝ ዲንቃ ነው፤ አብሮት ሄዶ ነበርና። ኢብራሂም ኮት ተውሶ ለብሷል፤ ጆንያውን ግን በር ላይ ተው ቢሉት እምቢ ብሎ ይዞት ገባ። ሳሎኑ መሀል ቆመ። ኦቦ ገመቹ በደንቡ መሠረት "ልጁ ምን ይሠራል?" ብለው ጠየቁ።

"ወላሂ፣ ልጃችን ውዳቂ ለቃሚ ነው" አለ ኢብራሂም። "እኔ ደግሞ የማመጣለት ነኝ። እናንተ የምትጥሉትን እኛ እናነሣለን። ከዚህ ሌላ የለውም፤ አለው ያላችሁ ዋሽቷችኋል።"

ቀድመው የመለሱት ግን ኦቦ ገመቹ አልነበሩም። አዴ ጫልቱ ከጓዳ ብቅ ብለው ሰውየውን ትክ ብለው አዩት።

"አንተ ነህ እንዴ!" አሉ። "በል ቁጭ በል። ያ ሳፋህ ተሰነጠቀ እኮ፤ ልጁ ይጠግነው እንደሆን ጠይቅልኝ።"